ስም የሌለው ኬብል፣ ባለቤት የሌለው አዳራሽ

በዚህ አገር አንድ አዳራሽ ሲመረቅ ካሜራ የማይደርስበት ቦታ ቢኖር የራኩ ጀርባ ነው። ካሜራው እብነ በረዱን ያሳያል፤ ወንበሩን፣ ግድግዳ የሚያክለውን ስክሪን፣ ሪባኑን የሚቆርጠውን መቀስ ያሳያል። ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሚክሰሩን፣ አምፕሊፋየሩን፣ ስዊቹንና የስክሪኑን መቆጣጠሪያ ተሸክሞ የቆመውን የብረት መደርደሪያ ግን ማንም ዞሮ አያየውም። ቢያየው የሚያገኘው የታወቀ ነው፦ እንደተተረተረ ልቃቂት የተንጠለጠለ ጥቁር ኬብል፣ ሁሉም አንድ መልክ፣ ሁሉም ስም የለሽ።

ኬብሎቹ በሁለቱም ጫፋቸው መለያ ያልተለጠፈባቸው አዳራሽ ርክክቡ አላለቀም። ብረቱ ገብቷል፣ ዕቃው ተቆጥሯል፣ ሞዴል 19 ተቆርጧል። አዳራሹ ግን አሁንም የገጠመው ሰውዬ ነው።

ኑሮ በተወደደበት፣ የሰው ሕይወት በየቀኑ በሚረግፍበት አገር ስለ ኬብል ወረቀት መከራከር ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን የወረቀት አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ማነው የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ «መሥሪያ ቤቱ» ካልሆነ፣ ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው ማለት በወረቀት ብቻ ነው።

መለያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማርከርና ነጭ ፕላስተር ነው። «ማይክ 3» ተብሎ ይጻፋል፣ ይለጠፋል፣ በስድስት ወሩ የራኩ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ወረቀቱ መሬት ላይ ይገኛል። መሬት ላይ የተገኘ መለያ ከሌለ መለያ የባሰ ነው፤ የሚያነሳው ሰው በግምት መልሶ ይለጥፈዋልና። ትክክለኛው መለያ በማተሚያ የታተመ፣ ኬብሉን ዙሪያውን የሚጠቀልል፣ ከመሰኪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሳይነቅሉ የሚነበብ ነው። ከሁሉ በላይ ሁለት ነው፤ በዚህኛውም ጫፍ አንድ፣ በዚያኛውም ጫፍ አንድ፣ ሁለቱም ላይ ያው አንድ ቁጥር። ያ ቁጥር በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ቦታ አይደገምም። ቁጥሩ ደግሞ በአንድ ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ ዝርዝሩ ከየትኛው ራክ፣ ከየትኛው መሣሪያ፣ ከስንተኛው ቀዳዳ ተነስቶ የት እንደሚደርስ ይናገራል። አለቀ። ዲግሪ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ቋንቋም አይጠይቅም፤ 0417 የሚል ቁጥር በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በቻይንኛም ያው 0417 ነው። የውጭ ተቋራጭ በራሱ ፊደል ጽፎ የሚሄደውን ምልክት እንደ መለያ መቀበል ራሱን የቻለ ስንፍና ነው።

ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ፈሊጥ አይደለም። የድምፅና ምስል ሙያተኞችን የሚያሰባስበው፣ ዛሬ አቪክሳ የሚባለው የቀድሞው ኢንፎኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ስለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚናገር መስፈርት አውጥቷል፤ ቁጥሩ ኤፍ 501.01 ነው። ለመረጃ መረብ ገመዶች ደግሞ ቲ.አይ.ኤ. 606 የሚባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እየታደሰ እዚህ ደርሷል። የሚገርመው፣ ራኩ ራሱ ለመስፈርት የተገዛ ዕቃ መሆኑ ነው። የፊቱ ስፋት በዓለም ሁሉ 19 ኢንች ነው፤ የአንዱ ደረጃ ቁመት 44.45 ሚሊሜትር ነው። ጃፓን የተሠራ አምፕሊፋየር ጀርመን በተሠራ ራክ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ያለ መጋዝ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ብረቱ በሚሊሜትር ሽራፊ ሥርዓት ሲገዛ፣ በውስጡ የሚያልፈው ሽቦ በአንድ ሰው ትዝታ ይተዳደራል።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የማይክሮፎን ገመድ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ነበረው፣ የስፒከሩ ወፍራም ነበር፣ የቪዲዮው በሌላ ዓይነት መሰኪያ ይገባ ነበር። ዓይን ብቻ ይለየዋል። አሁን ድምፁም፣ ምስሉም፣ የስክሪኑ ትእዛዝም፣ ኢንተርኔቱም በዚያው በአንድ ዓይነት የኔትወርክ ኬብል ይሄዳል። መሰኪያው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ውፍረቱ ያው። አንዱ ኬብል ዳንቴ በሚባለው ሥርዓት የ20 ማይክሮፎን ድምፅ ይዟል፤ አጠገቡ ያለው ኤችዲቤዝቲ በሚባለው መንገድ ለፕሮጀክተሩ ምስል ይዟል፤ ሦስተኛው የቢሮው ኢንተርኔት ነው። ሁለተኛው እንደ ኢንተርኔት ተቆጥሮ ስዊች ላይ ቢሰካ በቀላሉ ከተገኘ አይሠራም፤ ስዊቹ በኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚልክ ዓይነት ከሆነና ዕድል ከጎደለ መሣሪያው ሊጎዳ ይችላል። የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ ሳይታወቅ አንድ ስዊች ላይ ቢሰካ ደግሞ፣ መከላከያው ባልተከፈተበት ስዊች መልእክቱ ራሱን እያባዛ ይዞርና መላውን መረብ ያንቀዋል። ያኔ የሚጠፋው አንድ ማይክሮፎን አይደለም፤ የስብሰባው ማይክሮፎን በሙሉ ነው። ከአምፕሊፋየር የሚወጣ፣ ለኮርኒስ ስፒከር የተዘጋጀ የ100 ቮልት መስመር በስህተት ሚክሰሩ የማይክሮፎን መግቢያ ላይ ቢሰካ ምን እንደሚሆን ያየ ባለሙያ ሽታውን አይረሳውም።

የዚህ ሁሉ ውጤት ሁልጊዜ ጭስ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር፤ ጭስ ይታያል። የማይታየው ይብሳል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የችሎት ድምፅ ይቀዳሉ፤ ራቅ ካለ ቦታ ያለ ተከራካሪን በቪዲዮ፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» በሚለው ዘዴ ማነጋገር ከጀመሩም ቆይተዋል። አንድ ጠጋኝ ሌላ ብልሽት ሲያሳድድ የምስክሩን ማይክሮፎን መስመር ከመቅጃው ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ቢሰካው ምን ይሆናል? ችሎቱ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ዳኛው ይሰማል፣ ጠበቃው ይሰማል፣ ማንም ቅሬታ የለውም። መዝገቡ ግን ባዶ ነው። ይህ የሚታወቀው ይግባኝ ተብሎ ቅጂው ሲፈለግ፣ ምናልባት ከወራት በኋላ ነው። በሁለቱ ጫፍ የተለጠፉ ሁለት ቁርጥራጮች እንዲህ ያለውን ስህተት ሠሪው እጁ ላይ ሳለ ያስቆሙት ነበር።

አሁን ወደ ሰውዬው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ «ልጅ» አለው። ድምፅ ሲጠፋ «ያን ልጅ ጥሩት» ይባላል። ልጁ ራኩን የገጠመው ነው፤ ወይም የገጠመው ሰው ረዳት የነበረ ነው። ሥዕሉ በጭንቅላቱ ነው፣ ጥቂቱ ስልኩ ላይ በፎቶ ነው። ስልኩን ካነሳ አዳራሹ ይሠራል፤ ካላነሳ ስብሰባው በባዶ ጉሮሮ ይካሄዳል። አንድ ቀን ደግሞ ዱባይ ሄዷል ይባላል። የእሱ ጥፋት አይደለም፤ የተሻለ ከከፈለው ማንም ይሄዳል። ከእሱ ጋር የሄደው ግን መሥሪያ ቤቱ በሚሊዮኖች የገዛው ዕውቀት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ራኩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ «ይሄ ሁሉ ተነቅሎ እንደገና ቢሠራ ይሻላል» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የንብረት ክፍል ኃላፊ ካለ ዕድለኛ ነው።

ይህች ዓረፍተ ነገር ዋጋ አላት። ኬብሉም፣ መሰኪያውም፣ ስዊቹም በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተገጠመን ራክ ነቅሎ እንደገና መግጠም ማለት ደህናውን ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ጥሎ ያንኑ በአዲሱ ዋጋ መግዛት ነው። ያውም የተበላሸ ነገር ሳይኖር፣ ማን ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ብቻ።

ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። መካከለኛ አዳራሽ ራኩ ላይ 60 ኬብል አለው እንበል። ጫፉ 120 ነው። አንዱን መለያ ማተምና መጠቅለል 2 ደቂቃ ቢፈጅ በጠቅላላው 4 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ከቁርስ እስከ ምሳ የሚጨርሰው። ይህ ሳይሠራ ቀርቶ በኋላ መፈለግ ሲያስፈልግስ? አንዱ ሰው መድረክ ላይ ሆኖ በመሣሪያ ምልክት ይልካል፣ ሌላው ራኩ ጋ ሆኖ ያደምጣል፣ «አለ?» «የለም» ይባባላሉ። አንዱ ኬብል 10 ደቂቃ ቢወስድ 60ው 10 ሰዓት ነው፣ በሁለት ሰው 20 የሥራ ሰዓት። ይህም አዳራሹ ተዘግቶ፣ ኮርኒስ መክፈት ሳያስፈልግ ከቀረ ነው። ከዚህ በኋላም መለያ ካልተለጠፈ በሚቀጥለው ብልሽት እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

መለያ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ክርክር የላቸውም ማለት አይቻልም። አንደኛው «ፎቶ አንስተናል» ይላል። የልቃቂት ፎቶ ልቃቂት ነው። ሁለተኛው «በቀለም ለይተናል፤ ቢጫ ድምፅ፣ ሰማያዊ ምስል» ይላል። ቀለም ጥሩ ነው፣ ግን 20 ቢጫ ኬብል ካለ ቀለሙ የነገረን ቢጫ መሆናቸውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ሶፍትዌር ያሳያል፤ ዘመናዊው ስዊች የትኛው መሣሪያ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንዳለ በስክሪን ይናገራል። እውነት ነው፣ መሣሪያው ሲበራና መረቡ ደህና ሲሆን። ሰው ራኩ ጀርባ የሚገባው ግን መረቡ ሲሞት ነው።

አራተኛው ክርክር በአፍ አይነገርም፤ ከሁሉም ብርቱው እሱ ነው። ስም የሌለው ራክ እንጀራ ነው። የጥገና ውሉ በየዓመቱ የሚታደሰው ሌላ ሰው ሊነካው ስለማይደፍር ነው። አንዳንዱ መለያውን የሚተወው ከቸኮላ ነው፤ አንዳንዱ ግን እያወቀ ነው፣ ሲወጣም የለጠፈውን ልጦ የሚወጣ አለ። በአደባባይ መባል ያለበት ይህ ነው። በራሱ ገንዘብ የገዛውን ዕቃ ለመክፈት የሻጩን ፈቃድ የሚለምን ገዢ አልገዛም፤ ተከራየ። አባቶች «ሾላ በድፍን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ንግድ ነው፤ እዚህ ግን ሾላው ከተበላም በኋላ ድፍን ሆኖ ይቀጥላል።

ሙያተኛው ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ግን ፍትሕ አይደለም። የምርቃቱ ቀን በማን እንደሚወሰን ሁሉም ያውቃል። ምርቃቱ ሰኞ ነው ከተባለ፣ ቀለም ቀቢው ዓርብ ማታ ይጨርሳል፣ ምንጣፉ ቅዳሜ ይነጠፋል፣ የድምፅ ሰዎች እሑድ ሌሊት ይገባሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሰክተው ንጋት ላይ «ሄሎ፣ 1፣ 2» ይላሉ፤ ድምፅ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያ ሌሊት 4 ሰዓት ለመለያ የሚሰጥ አለቃ የለም። ጨረታውም አልጠየቀውም። የጨረታ ሰነዱ ስለ ስክሪኑ ኢንች፣ ስለ ስፒከሩ ዋት፣ ስለ አምራቹ አገር ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ ስለ ኬብሉ መለያና ስለተገጠመው ሥራ ትክክለኛ ሥዕል አንድ መስመር አይጽፍም። መለያ የሚሠራ ተቋራጭ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ በዚያች ትንሽ ይሸነፋል። ሕሊና ያለውን የሚቀጣ ጨረታ ሕሊና ያለው ሥራ አያገኝም። ርክክቡን የሚፈርመው ኮሚቴም ከፋይናንስ፣ ከንብረት፣ ከሕዝብ ግንኙነት የተውጣጣ ነው፤ ማይክሮፎን ይዞ ድምፁን ይሰማል፣ ስክሪኑ ላይ ዓርማውን ያያል፣ ይፈርማል።

«የእኛ ሰው ለሥርዓት አይሆንም» የሚለው የተለመደ ማማረርም ይቅር። በአውሮፕላን ውስጥ ያለ ሽቦ መለያ ቁጥሩ በርዝመቱ ላይ እየተደጋገመ ታትሞበት ነው የሚመጣው፤ ጠጋኙም ሥዕሉን ሳያይ አይነካውም፣ የነካውን ሳይፈርም አይዘጋውም። ቦሌ ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል ይህን ሥራ በየሌሊቱ የሚሠሩት የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ የሌሎች አገሮችን አውሮፕላንም ይጠግናሉ። ከዚያው ከተማ፣ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው አዳራሹ ውስጥ ኬብሉን ያለ ስም የሚተወው። ልዩነቱ አንደኛው ጋ ሥዕል የሌለው ሥራ ተቀባይ የለውም፤ ሌላኛው ጋ ተቀባዩ አይጠይቅም።

ተቀባይ ሳይጠይቅ ሲቀር እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ይገኛል። የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018፣ ቻይና ሠርታ በስጦታ ባስረከበችውና እ.ኤ.አ. በ2012 በተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የነበሩ ሰርቨሮች በየሌሊቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መረጃ ወደ ሻንግሃይ ይልኩ እንደነበር፣ በጠረጴዛና በግድግዳ ውስጥም ማይክሮፎኖች እንደተገኙ ዘገበ። ቻይና አስተባበለች፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሐማትም ክሱን ሐሰት ብለውታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ደግሞ ሮይተርስ፣ ከግቢው የጥበቃ ካሜራዎች የተቀረጸ ምስል ተሰርቆ ይወጣ እንደነበር የሚገልጽ የውስጥ ማስታወሻ ማየቱን ዘገበ፤ ቻይና ያንንም አስተባብላለች።

ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል። የወረቀት ቁራጭ ሰላይ አያባርርም፤ በሰርቨር ውስጥ የተደበቀ ፕሮግራምን መለያ አያጋልጥም። ነገር ግን ግድግዳ ውስጥ ትርፍ ማይክሮፎን አለ ወይስ የለም ለሚል ጥያቄ በአንድ ቀን መልስ መስጠት የሚችለው ስንት ማይክሮፎን ሊኖር እንደሚገባው የሚያውቅ ብቻ ነው። 60 ኬብል ተመዝግቦ 61 ከተገኘ፣ 61ኛው ጥያቄ ያስነሳል። ምንም ባልተመዘገበበት ቦታ ግን ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም እኩል እንግዳ ነው። ዛሬ በዚህች ከተማ የውጭ ተቋራጭ ገጥሞ ያስረከባቸው፣ ሚስጥራዊ ስብሰባ የሚካሄድባቸው ክፍሎች ጥቂት አይደሉም። ከጀርባቸው ያለውን ኬብል ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ደሞዝ መዝገብ ላይ አለ ወይ? ለደህንነት ሲባል መግቢያ በር ላይ የጎብኚን ስልክ መቀበል የሚያውቅ ተቋም ይህንን ጥያቄ መፍራት የለበትም።

ከዚህ ያነሰ ግን ብዙ ሰው የነካ ሌላ ምሳሌም አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ያ ትውልድ አይረሳውም። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ ከአንድ ክፍል ወደ የክፍሉ ፕላዝማ ይከፋፈል ነበር። ብዙዎቹ ፕላዝማዎች ውለው አድረው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ጥቁር መስታወቶች ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መብራት መጥፋት፣ የመለዋወጫ እጥረት፣ የባለሙያ እጥረት፣ የትምህርቱ ፍጥነትም ሳይቀር። ሁሉንም በኬብል መለያ ማላከክ ቀልድ ይሆናል። ሆኖም ባለሙያ የሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው፣ የፊዚክስ መምህሩ ራሱ ከፍቶ «ይህ የ9ኛ ሀ ክፍል ነው» ማለት የሚችልበት ራክ ነው። መለያ ለባለሙያ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ባለሙያ በሌለበት ቦታ ባለሙያውን በከፊል የሚተካ ነው።

ይህ ችግር የመንግሥት ብቻም አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢም ይሁን በአውሮፓ ከተሞች ያሉ የስደተኛ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴና ጉባኤያቸውን በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ ዕቃው የሚገዛው በምእመናን መዋጮ፣ የሚገጠመው በበጎ ፈቃድ ነው። የገጠመው ወንድም ሥራ ቀይሮ ሌላ ስቴት ሲሄድ፣ እሑድ ጠዋት አንድ የ19 ዓመት ልጅ ራኩ ጀርባ በስልክ መብራት ይንበረከካል፤ ወንድም እንትና በቪዲዮ ጥሪ «ከላይ ሦስተኛውን፣ አይ እሱን አይደለም» ይለዋል። ካህኑ ይጠብቃሉ። ከመዋጮው ላይ አንድ ትንሽ የመለያ ማተሚያ ቢገዛ ማንም አይቃወምም ነበር፤ የጠየቀ ግን የለም።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይፈልግም፤ ያለው የርክክብ ሥርዓት ይበቃል። የመንግሥት ሥራ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ አለው፤ በመካከላቸው ተቋራጩ የሚጠብቀው መያዣ ገንዘብ አለ። ጨረታው ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ በታተመ መለያ ይለይ፤ የኬብሉ ዝርዝርና የተገጠመው ሥራ ሥዕል በወረቀትና በፋይል ይቅረብ፤ ይህ ካልተሟላ መያዣው አይለቀቅ። ሥራው በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የራሱ መስመርና የራሱ ክፍያ ይኑረው፤ ያኔ ሐቀኛው ተቋራጭ በሐቀኝነቱ አይሸነፍም። ሙያተኛውም የእሑድ ሌሊቱን 4 ሰዓት በነፃ እንዲሠራ አይለመንም።

ርክክብ ላይ የሚቀመጠው ኮሚቴ መሐንዲስ መሆን የለበትም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ራኩ ጀርባ ትሂድ፤ ዓይኗ ያረፈበትን አንድ ኬብል ትያዝ፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታንብብ። ሌላው የኮሚቴ አባል ቁጥሩን ዝርዝሩ ላይ ይፈልግ፣ ሄዶም ሌላኛውን ጫፍ ያግኝ። ተቋራጩ በዚህ ጊዜ አፉን አይክፈት። ይህንን አምስት ጊዜ ያድርጉ። አምስቱም ከተገኙ ይፈረም፤ አንዱ ከጠፋ ተቋራጩ መሰላሉን ይዞ ይመለስ። የዝርዝሩ አንድ ቅጂ በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱ በንብረት ክፍል ከሞዴል 19ኙ ጋር ይታሰር፤ ከዚያ በኋላ ኬብል ያዛወረ ሁሉ ቀኑን ጽፎ ዝርዝሩ ላይ ይፈርም። በስልክ ብቻ ያለ ሥዕል እንደቀረበ አይቆጠር።